ከሊዲያ ቅጽ ላይ የሰረዝኩት ቃል

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሚስት ከሄይዋርድ መጥታ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠችና ከስልኳ ላይ የትምህርት ቤቶችን ውጤት ታነብልኝ ጀመር። ልጃቸው ነሐሴ ላይ ትምህርት ይጀምራል። «ይቺኛዋ ትንሽ ቻርተር ስኩል ናት፤ ሒሳብ ላይ ደህና ናት» አለች። «‹ኢንግሊሽ ለርነር› የሚለው ግን ምንድን ነው?»

«እንግሊዝኛ ገና የሚለምዱ ልጆች ማለት ነው» አልኳት። ከዚያ በላይ አልነገርኳትም። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሳይ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ አይቆምም፤ ከቁጥሩ ጀርባ አንዲት ልጅ ይፈልጋል።

ነገሩ የሆነው በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ላይ የዘገየሁ ሰው ነኝ፤ አገር ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ የቀረውን እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ በማታ ትምህርት ነው የጨረስኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ለጽሑፍ ያለው ክብር ለጉድ ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ከገባች ቀኑን ሙሉ ትከነክነኝ ነበር። ቀን ቀን የምሠራው የመንግሥት ገንዘብ እያገኘች በራሷ አስተዳደር የምትመራ አንዲት ትንሽ ቻርተር ስኩል ቢሮ ውስጥ ነበር። ድሮ የቤት ዕቃ ይሸጥበት የነበረ ሕንፃ ነው፤ በር ሲከፈት አሁንም ቫርኒሽ ይሸታል። የእኔ ሥራ የምዝገባ ቅጾችን መቀበልና ማን ጥቁር፣ ማን ላቲኖ እንደሆነ፣ ማን ምሳ በነፃ እንደሚበላ፣ በማን ቤት ምን እንደሚነገር ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነበር። የእኛ ልጆች «ጥቁር» በሚለው ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። አልዋሽም፣ ይህ ያንገበግበኝ ነበር። «አማርኛ» የሚል ቃል እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ባየሁ ቁጥር ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ፣ እትዬ አስካለ መጡ። አየር ማረፊያው መኪና ማቆሚያ ነበር የሚሠሩት። ከጎረቤታቸው ዛፍ የለቀሙትን ሎሚ በፌስታል ይዘውልኛል። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃቸው ሊዲያ የሹራቧን ገመድ እያኘከች ከኋላቸው ቆማለች። ቅጹን ተቀበልኩና ሳገላብጥ ቋንቋ በሚለው ላይ «እንግሊዝኛ» ተጽፏል።

«እትዬ፣ ቋንቋችሁ ምንድን ነው?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው! አሁን በምን እያወራን ነው?» ብለው ሳቁ።

«ታዲያ ለምን እንግሊዝኛ ተባለ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እሷ ናት የሞላችው።»

ሊዲያ ገመዱን ከአፏ አወጣች። «ሺ ስፒክስ ኢት። አይ ዶንት» አለችኝ፤ እሷ ናት የምትናገረው፣ እኔ አይደለሁም ማለቷ ነው።

«በቋንቋ አይታፈርም፣ እህቴ» አልኳትና እስክሪብቶዬን አነሳሁ። የጻፈችውን ሰርዤ ከላዩ «አማርኛ» ብዬ ጻፍኩ። እናትየው ፈረሙ። «አየሽ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው» ብለው ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

በዚያች ቃል ምክንያት ሊዲያ የእንግሊዝኛ ፈተና እንድትወስድ ተደረገ። ፈተናው ከማታውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ መናገርን ይጨምራል። እሷ ደግሞ ከእኔ የባሰች ዝምተኛ ናት፤ በአጭር በአጭሩ መልሳ ወጣች፤ ለጥቂት ወደቀች። ትምህርት ቤቷ ትንሽ ስለሆነች አልጀብራ የሚሰጠው በቀን አንዴ ነው። ፈተናውን የወደቁት የሚገቡበት፣ እንግሊዝኛ የሚለምዱት ልጆች ክፍልም በዚያችው ሰዓት ነው። ሊዲያ ከምትወደው አልጀብራ ወጣች።

እትዬ አስካለ የሚያንጸባርቀውን የሥራ ሰደርያቸውን እንደለበሱ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ጉድ ነው! እኔን በእንግሊዝኛ የምታርመኝን ልጅ እንግሊዝኛ ተማሪ አሏት እኮ!» ርዕሰ መምህሯን አነጋግረዋል። ቅጹ ላይ ስህተት ካለ የጻፈው ሰው ይፈርምና ይስተካከላል ብላቸዋለች። «ጽሑፉ ያንቺ ነው። ተሳስቼ ነው በይልኝ፣ የኔ እናት። ይኸው ነው።»

«እትዬ፣ ውሸት ላይ አልፈርምም» አልኳቸው። «ቤታችሁ የሚነገረው አማርኛ ነው።»

ሊዲያ በሩ ጋ ነበረች። ያን ቀን በአማርኛ መለሰችልኝ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች። «እነሱ የጠየቁት... እኔ ምን እንደማወራ ነው። የማሚን አይደለም።»

ሲሄዱ ባዶ ቅጽ አውጥቼ አነበብኩ። ልጅዎ ቤት ውስጥ አዘውትራ የምትናገረው ቋንቋ የትኛው ነው? ይላል። ልጅዎ። እኔ «ቋንቋችሁ» ብዬ ነበር የጠየቅሁት። በእኛ አፍ አንድ ቤት አንድ ቋንቋ ነው ያለው፤ እናትና ልጅ አይለያዩም። ያቺ «አችሁ» ልጅቷን ዋጠቻት።

በዚያው ደቂቃ ተነስቼ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ መግባት ነበረብኝ። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ግን የሰውን ስህተት ለቅሜ የምኖር ሰው የራሴን ለመናገር አፌ ተሳሰረ። ለሌሎች ወላጆች የተረጎምኳቸውን ቅጾች ሁሉ ቢያገላብጡብኝስ? ነገ አልኩ። ነገም ሌላ ነገ ወለደ። ዓመቱ አለቀ።

ሰኔ ላይ እትዬ አስካለን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አማርኛ ነው የጎዳኝ ትላለች» አሉኝ። «ሳወራት በእንግሊዝኛም አትመልስልኝም አሁን። ዝም።»

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አምና፣ ሳን ሊያንድሮ ባቡር ጣቢያ ሊዲያን አየኋት። ተጠጋሁና ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ከዚያ ለዓመታት ቃል በቃል ያጠናሁትን በአማርኛ ተናገርኩ። ስህተቱ የኔ እንደነበር፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ ይቅር እንድትለኝ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለትልቅ ሰው በሚገባ ትሕትና፣ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ ይቅርታ አንቲ፣ የሚሉኝ አልገባኝም አለች። ባቡሩም መጣባት።

እንግሊዝኛ አላጣሁም። የማታ ትምህርቱ ዲግሪ ድረስ አድርሶኛል፤ ያንኑ ይቅርታ ያለ አንድ ስህተት በእንግሊዝኛ ማለት እችል ነበር። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ይህ ነው። በየትኛው ቋንቋ እንደምትሰማኝ ለሁለተኛ ጊዜ ሳልጠይቃት ቀረሁ።