ኦቦ ታፋ ሰዓት ሲነክሱ

በ1954 ዓ.ም. ከዲጋም ሆነ ከጉቴ መጥቶ ነቀምቴ ላይ ሰዓት የሚገዛ ሰው፣ መጀመሪያ ኦቦ ታፋን ያስመረምር ነበር። የውጭ ብልጭልጭ አያታልላቸውም። ጀርባውን በሰንጢ ፈልቅቀው መዘውሮቹ የሚያርፉባቸውን ቀያይ ድንጋዮች ይቆጥራሉ። የብሎኖቹ ራስ ተቧጭሮ ካገኙት «ስንቱ ጅል ጎርጉሮታል!» ይላሉ። ከዚያ ጸጥ በሉ ለማለት እጃቸውን ሲያነሡ ልብስ ሰፊው መሸሻና ጎረቤቶቹ የስፌት መኪናቸውን ያቆማሉ። ኦቦ ታፋ ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ ያቆዩና በመጨረሻ እንደ ወርቅ ነጋዴ ነከስ ያደርጉታል።

አንድ ቅዳሜ እኔም ከነጋዴው ከአበጋዝ ሳጥን አንድ ወርቅ ቅብ ሰዓት መርጬ ሄድኩ። አበጋዝ እንዳላመልጠው ሳጥኑን ታቅፎ ተከተለኝ። ኦቦ ታፋ ከፈቱት፣ አዳመጡት፣ ነከሱት።

«እርምጃው ይሰናከላል። ተወው፣ መምህር» አሉኝ።

ወዲያው ከጀርባቸው አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን አንባረቀው። ሁላችንም ዘለልን። እሳቸው ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም።

«ማሎ! እባካችሁ፣ ደንቆሮ ነው እኮ!» ብሎ አበጋዝ ጮኸ። «ሰዓቴን ደንቆሮ ያርክስብኝ?»

ከፊታችን ገጽታ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ መልካቸው ዐመድ ሆነ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተናድጄ ነበር። ከእንግዲህ ማን ያምናቸዋል?

መሸሻ ግን ጎጃሜ ነው፤ ነገር ሳያጣራ አይፈርድም። የእኔን ሰዓት ማሰሪያ በጠመኔ ምልክት አደረገበትና ከሳጥኑ ካወጣቸው ሦስት መንትዮቹ ጋር ቀላቀለው። ሰዓቶቹን አንድ በአንድ እንዲነክሱ በእጁ አመልክቶ የኦቦ ታፋን ዓይን በሻሽ አሰረ። ለባልደረቦቹም «በሉ፣ እንዲያውም በኃይል ርገጡት!» አላቸው። በስፌት መኪናው ጩኸት እርስ በርሳችን እንኳ መሰማማት አልቻልንም።

ኦቦ ታፋ አንዱን ነክሰው «ጋሪዳ፣ ደኅና ነው» አሉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ቆዩ።

«ይሄ ነው የሚሰናከለው!»

ጠመኔው ነበረበት። ገበያው በሳቅ ፈነዳ፤ አበጋዝም ደኅና ከተባሉት አንዱን ስለገዛሁ አብሮ ሳቀ።

ሻሹን ፈትቼ፣ ከንፈሬን እንዲያዩ ቀረብ ብዬ፣ «ጥርስዎ የሚሰማ ከሆነ ለምን ደበቁን?» አልኳቸው።

«ለሥራዬማ ጥርስ አለኝ» አሉ። «ሰው ለደንቆሮ ወሬ አያወራም ብዬ ፈርቼ ነው። ከደነቆርኩ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትስቁ እያየሁ አብሬ ስስቅ፣ በምን እንደምስቅ አላውቅም ነበር።»

አንጀቴን በሉት። መሸሻ በርጩማውን አንሥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና ከንፈሩን እንዲያዩ አፉን በሰፊው እየከፈተ የሁለቱን ዓመት ወሬ ከመጀመሪያው ይጮህላቸው ጀመር። የማን ሚስት ማንን ከቤት እንዳባረረች ነቀምቴ በሙሉ ሰማ።