ስም ያልተጻፈበት ወንዝ

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ የድሮ ካርታ ይሰበስቡ ነበር። በእነዚያ ካርታዎች ላይ ከቦሌ በስተምሥራቅ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ጋሼ እሁድ እሁድ እየወጡ ሽማግሌዎችን ይጠይቁና የወንዙን፣ የኮረብታውን ስም በእርሳስ ይሞሉ ነበር። ሁለት ሰው ለየብቻው አንድ ዓይነት ስም ካልነገራቸው ግን አይጽፉም። «በአንድ አፍ ስም አይጸናም» ይሉኝ ነበር።

ካረፉ ወዲህ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ባለቤታቸው «ካርታውን ጠቅልለህ አስቀምጠው፤ ከእንግዲህ ማን ሊጨርሰው ነው?» አሉኝ። ልጠቀልለው ስል ከአያት ሰፈር ጀርባ ስም ያልተጻፈበት አንድ ወንዝ አየሁ። ካርታውን ይዤ ወጣሁ።

ወንዙ ዳር ጎመን የሚኮተኩቱ አሮጊት ካርታውን ሲያዩ ሳቁ።

«ዛሬ ደግሞ ልጃቸውን ላኩ?»

«ወንድማቸው ነኝ፣ እማማ። ስሙን ልጠይቅዎት ነው።»

«ነግሬያቸው የለም እንዴ! ‹ሌላ ሰው ጠይቄ እመለሳለሁ› ብለው ሄዱ። የት ቀሩ?»

ማረፋቸውን ነገርኳቸው። እማማ ኩትኳቶውን ትተው ተቀመጡ፤ አለቀሱ። ስሙንም ደግመው ነገሩኝ። እርሳሱን አወጣሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ለጋሼም ለእኔም የነገሩን እኚሁ እማማ ናቸው፤ አንድ አፍ ነው።

ካርታውን አልጠቀለልኩትም። ሁለተኛውን ሰው እየፈለግሁ ነው።