አባባ የመረጠው የሩቅ ማያ መነጽር

ቅዳሜ በስደት በምንኖርበት ሰፈር በብሬዴንግ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት የሎፒስ ገበያ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አነሣሁ። የጎማ ልባሱ ሽታ አባባን አስታወሰኝ።

አባባ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ እዚህ በስደት አገር አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ነበር። ልጅ ሳለሁ ትንሽ ጀልባ ገዛና መነጽር ልንመርጥ ሱቅ ሄድን። እኔ ትልቁን፣ አሥራ ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን ወደድኩ።

«እስቲ በአንድ እግርሽ ቆመሽ እዪበት» አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጽሑፍ እየዘለለ አልነበብ አለኝ። ሰባት እጥፍ በሚያቀርበው ግን ረጋ።

«ጀልባ ላይ ሁሌም እንደዚህ ትወዛወዣለሽ» ብሎ ትንሹን ገዛ።

ነሐሴ ላይ ልንሞክረው በጀልባዋ ከባሕሩ ዳርቻ ደሴቶች አልፈን ወጣን። በመነጽሩ፣ ወፎች ውሃው ላይ ሲወረወሩ አየሁ።

«ዓሣው እነሱ ሥር ነው» አለ፤ መንጠቆውን ግን አልነካም። «ፍልሰታ ነው። ጾሙ ሲፈታ እንመጣለን፤ ቦታውን በዓይንሽ ያዢው።»

አልተመለስንም። ቦታውን ግን እስካሁን ይዤዋለሁ።

ሻጯ እያየችኝ ሳቀች። ለካ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጌ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ።