ፕሮግራሙ «ደህና ነው» ሲል

አባቴ አየር ጤና ያለውን የመለዋወጫ ሱቅ ለወንድሜ ካስረከበ ወዲህ ቤት መዋል አልሆነለትም። ሌላው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፤ የኔው ግን ኮድ ካላስተማርሽኝ ብሎ ያዘኝ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ማምለጫ አላገኘሁም። እሁድ እሁድ ከሳንሱሲ እየመጣሁ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ አስተምረው ጀመር።

አባቴ ስኳር አለበት። የመጀመሪያ ፕሮግራሙም የስኳሩ ነበር፦ ጠዋት የለካውን ቁጥር ያስገባል፤ ሐኪሙ ከነገረው በላይ ከሆነ «ክሊኒክ ሂድ»፣ ካልሆነ «ደህና ነው» ይላል። ችግሩ፣ አባቴ ቁጥር ብቻ ጽፎ መተው አይችልም። ከጎኑ «ቁርስ ሳልበላ» ብሎ ሲጨምርበት ፕሮግራሙ ቀጥ ይልና ቀይ ጽሑፍ ይደረድርበታል። እንግዳ ፊት የተሰደበ ያህል ይከፋዋል። ስለዚህ ትራይ እና ኤክሴፕትን አሳየሁት፤ መጀመሪያ ሞክር፣ ካልተሳካ ይህን አድርግ ማለት ናቸው።

በቀጣዩ እሁድ ስመጣ ቀዩ ጽሑፍ ጠፍቷል። ኮራሁበት። ከዚያ የስኳር መለኪያውን አየሁት፤ ቁጥሩ ያስደነግጣል። ስክሪኑ ግን «ደህና ነው» ይላል። ኮዱን ስከፍተው ሙሉውን ትራይ ውስጥ ከቶታል፤ ምንም ዓይነት ስህተት ቢመጣ «ደህና ነው» እንዲል አዞታል። ዛሬም ከቁጥሩ ጎን አስተያየት ጽፎ ኖሯል።

«አባዬ፣ ምን ነካህ?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ ምን ትያለሽ?» አለኝ ረጋ ብሎ። «ደህና ነው የሚባለው።»

ሳቄ መጣ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ያስተማርኩህ ስህተት ሲመጣ ምን እንደምታደርግ እንጂ አፉን እንድታፍነው አይደለም አልኩት። አብረን አስተካከልነው። ትራይ ውስጥ ያስቀረነው ጽሑፉን ወደ ቁጥር የምትቀይረውን መስመር ብቻ ነው። ኤክሴፕቱም የሚይዘው ያንኑ አንድ ስህተት ነው፤ ምን እንደተሳሳተ ይናገርና እንደገና ይጠይቃል። ሌላ ነገር ከተበላሸ ቀዩ ጽሑፍ ይምጣ፤ እኔ አለሁ።

መልእክቱን ራሱ እንዲጽፈው ኪቦርዱን ሰጠሁት። ጥቂት ፊደል ነካክቶ ቆመ።

«እግሬም ይደነዝዘኛል» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ከፋሲካ ወዲህ።»

እናቴ ስትሞት እንኳ ከፋኝ ያላለ ሰው ነው። ደነገጥኩ፤ ስለነገረኝ ደግሞ ደስ አለኝ። ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ቤቴል ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ የትኛው እግርህ ነው ብዬ ጠየቅኩት።

ትንሽ አሰበና «ሁለቱም» አለኝ።