ካርቶኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ጎባ ላይ፣ በአቶ ተሾመ ግቢ ከጽዱ ሥር የነበሩት እነዚህ ናቸው። ሐጂ ከድር፣ ከሮቤ የመጡት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው። መምህር ወንድሙ፣ ሌላው ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው። የመኪናዋ ገዢ አቶ ተሾመ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ፣ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለው በሩ ላይ ቆመው። የመኪናዋ ሻጭ ኦቦ ታሂር፣ የጊኒር ከብት ነጋዴ። ጀማል፣ በሮቤና በጎባ መካከል ሚኒባስ የሚነዳው፣ ማንም ሳይጠራው የመጣ። እና እኔ ደረጀ፣ መካኒኩ። መኪናዋም ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ የኮሪያ።

እነዚህ ሁሉ ያን ቀን የተናገርኩትን ሰምተዋል። ውሸት መሆኑን ግን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የለም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ ይህን እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። አሁን ይህን ለምታነበው ለአንተ እናገራለሁ። ፊትህን ስለማላየው ይሆናል የደፈርኩት።

ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሮቤ ላይ የራሴን ትንሽ ጋራዥ ከከፈትኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። በሰው ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ እያቀበልኩ አየሁ፤ የቀረውን የተጣሉ ሞተሮች እየፈታሁና እየገጠምኩ ራሴን አስተማርኩ። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል አንድ ቡሎን አጥብቄ እንኳ ተመልሼ የማየው። ሰዉ "የደረጀ ሥራ አይመለስም" ማለት ጀምሮ ነበር። ይህን ስም እወደው ነበር። ከሥራው ይልቅ ስሙን እወድ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አቶ ተሾመና ኦቦ ታሂር የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው። ለፋሲካ ከጊኒር በግ ከነነፍሱ ይላካል፤ ጎባ ላይ ታርዶ እንዲበላ። ለረመዳን ደግሞ ከጎባ ቴምርና ስኳር ይሄዳል። ኦቦ ታሂር የጭነት መኪና ለመግዛት ሲያስቡ ትንሿን መኪና ለወዳጃቸው ሸጡ። ብዙ ሰው አቶ ተሾመን "የኮሪያ መኪና? ትንሽ ጨምረህ የጃፓን አትገዛም?" ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ከመኪናዋ ይበልጥ ያመኑት ሻጩን ነው። እንደገዟትም "አንተ እያት" ብለው ወደ እኔ አመጧት።

እኔም አየኋት። ዘይት ቀየርኩ፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አጸዳሁ፤ ቴርሞስታቷንም አወጣሁ።

ቴርሞስታት ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የምትቆጣጠር ትንሽ በር ናት። ሞተሩ እስኪሞቅ ትዘጋለች፤ ሲሞቅ ትከፍታለች። በእኛ አካባቢ መካኒኮች ዘንድ ግን ስሟ መጥፎ ነው። ከደሎ መና ቆላ ተነሥተው የሳነቴን ተራራ የሚወጡ የጭነት መኪኖች ዳገቱ ላይ ውሃቸው ይፈላል፤ ይህች በር ተዘግታ ከቀረች ደግሞ ሞተር ታቃጥላለች። በዚህ የተነሣ፣ ሥራ ያሳየኝ ሰው መኪና ገና ሲገባ አውጥቶ ይጥላት ነበር። ለባለቤቱም አይነገረውም፤ መስተዋት እንደ መወልወል የሚቆጠር ነገር ነበር። እኔም ለምን ብዬ ሳልጠይቅ እንደዚያው አደረግሁ። ይህ ስሕተት ነው። ኃጢአቴ ገና አልመጣም።

ብዙ ሳይቆይ አቶ ተሾመ ተመለሱ። መኪናዋ ጠዋት አልነሣም ትላለች፤ ቤንዚን ትጠጣለች፤ ጭስዋ ይጠቁራል፤ ካንዴላዎቿ እንደ ከሰል ሆነዋል። አጸዳሁላቸው። እንደገና መጡ። የጎባን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መስተዋት ላይ በረዶ የሚፋቅበት ቀን አለ። እሳቸው ደግሞ የሚነዱት ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ነው። ምክንያቱ ስላልገባኝ፣ "አልገባኝም" ማለትም ስለከበደኝ፣ "አቶ ተሾመ፣ ይህ የመኪናዋ ተፈጥሮ ነው። ሲሸጡልዎ የነበረባት ነው" አልኳቸው። ሽማግሌ ያስጠራው ይህ ቃሌ ነው።

ሽምግልናው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው መኪናዋ እኔ ዘንድ ነበረች። አንድ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሹፌር ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ሲሰካ አየሁ።

"ምን ይሠራልሃል?" አልኩት።

"ለሞተሩ ጋቢ ነው" አለኝ። "የእናንተ አገር ብርድ ሙቀቱን ይበላዋል። ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ጠጪ ነው።"

ጋራዤ እስክደርስ እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። የማካሮኒ ካርቶን ቆርጬ በመኪናዋ ራዲያተር ፊት አስገባሁና ወደ ጎባ አቅጣጫ ነዳኋት። ከታች ተለጥፎ የነበረው የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀስ እያለ ተነሥቶ መሐል ላይ ቆመ። የሞተሩ መንቀጥቀጥ ጠፋ፤ የቤንዚኑ ሽታ ጠፋ። ዳገቱን እንደ አዲስ ወጣችው። ስንዴ ማሳ ዳር አቁሜ ሞተሩን እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ምንም በሽታ አልነበረባትም። በብርድ አገር በሯን የነቀልኩባት እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ምን ማድረግ ይገባኝ ነበር? ቴርሞስታቷ ጋራዡ ውስጥ የቡሎን ጣሳ ውስጥ ነበረች። መልሼ ልገጥማት፣ ወደ አቶ ተሾመ ሄጄ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ልላቸው እችል ነበር። ሽምግልናው በዚያው ይቀር ነበር። እኔ ግን የማስበው ስለ ስሜ ነበር። መኪናዋ በድንገት ብትድን "ምን አድርገህ ነው?" መባሌ አይቀርም። "ደረጀ ራሱ ያበላሸውን ራሱ ጠገነ" የሚለው ወሬ በጀማል ሚኒባስ ምሳ ሳይደርስ ሮቤ እንደሚገባ አሰብኩ። ወርጄ ካርቶኑን ከራዲያተሩ ፊት አነሣሁ። አጣጥፌ ቦዩ ውስጥ ጣልኩት። ቀስቱ ወደ ታች ሲመለስ እያየሁ ወደ ሮቤ ነዳሁ።

ኃጢአቴ ይህ ነው። ቴርሞስታቷን ሳወጣ አላውቅም ነበር፤ ካርቶኑን ሳነሣ ግን አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ከጽዱ ሥር ተቀመጥን። ሐጂ ከድር እንደ ወጉ እርጥብ ሣር አስመጥተው ነበር፤ የሚናገር ሰው ያንን ይዞ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ለኦቦ ታሂር ሰጧቸው።

"ወላሂ፣ መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም" አሉ ኦቦ ታሂር። "በጊኒር አቧራ፣ ገበያ ለገበያ ነድቻታለሁ። የማውቀውን ጉድለት ነግሬያቸዋለሁ። የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ እሱንም ነግሬያቸዋለሁ።"

"የበሩንማ ነገሩን" አሉ ወይዘሮ ብርቄ ከቆሙበት። "የሞተሩን ነው የደበቁን።"

"ብርቄ፣ እኔ ከእናንተ ቤት ምን ደብቄ አውቃለሁ?"

ወይዘሮ ብርቄ ፊታቸውን ወደ መኪናዋ አዞሩ። ጀማል መሐል ገባ።

"ሐጂ፣ የኮሪያ መኪና እኮ ብርድ አትችልም። አገሯ ሙቀት ነው መሰለኝ" አለ።

"ኮሪያ ከእኛ የባሰ በረዶ የሚጥልበት አገር ነው" አሉ መምህር ወንድሙ። "ካላወቅህ ዝም ብለህ ተቀመጥ።"

"ታዲያ መምህር፣ እዚያ በረዶ የለመደች እዚህ ምን ነካት?"

ሁሉም ሳቁ። ኦቦ ታሂር እንኳ ፈገግ አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጀማል ለቀልድ የጠየቃት ጥያቄ ትክክለኛዋ ጥያቄ ነበረች። አንድ ሰው ብቻ መልሶ ቢጠይቃት ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ማንም አልጠየቀም። ሐጂ ከድር ሣሩን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ልጄ፣ አንተ ለሁለቱም ባዕድ ነህ። እጅህም ጥንቁቅ ነው ይላሉ። ከሞተሯ የፈታኸው ነገር አለ?"

"የለም" አልኩ። "ዘይት ቀየርኩ፣ ካንዴላ አጸዳሁ፤ ሌላ የነካሁት የለም።"

"እንግዲያ ሕመሟ ምንድን ነው?"

"የኮሪያ ነች፤ ሥሪቷ ነው። ለእኛ አገር አትሆንም። ድሮም የነበረባት ነው።"

ሣሩ እጄ ላይ ነበር። እኔ አልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላባበለኝም። ውሸቱን ለመፍጠር እንኳ አልደከምኩም፤ ሰዉ ቀድሞ የሚያምነው ነገር ስለነበር ማንሣት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ሽማግሌዎቹ ኦቦ ታሂር መኪናዋን ተረክበው ገንዘቡን እንዲመልሱ ፈረዱ። ገንዘቡ የጭነት መኪናው ዋጋ እስኪሞላ ከብት ሆኖ ነበር። ወቅቱ ሳይደርስ ከብቶቹን በወረደ ዋጋ ሸጠው መለሱ፤ የጭነት መኪናውም ነገር በዚያው ቀረ። ከገንዘቡ የባሰው ግን ሌላ ነው። እሳቸው በገበያ የሚነግዱት በቃላቸው ነበር። የአቶ ተሾመ ግቢ ወሬ በጀማል ሚኒባስ ከተሳፋሪ ወደ ተሳፋሪ ሄደ፤ ሮቤ ገበያ ላይ ነጋዴዎች የማትታለብ ላም ሲያዩ "የታሂር ኮሪያ" ማለት ጀመሩ። በሚቀጥለው ፋሲካ ከጊኒር በግ አልመጣም፤ በረመዳንም ከጎባ ቴምር አልሄደም።

እኔስ? የእኔ ስም አደገ። የመኪና ገዢ ሁሉ እኔን አማክሮ ነበር የሚገዛው። "የኮሪያ ልግዛ ወይ?" ይሉኛል። እኔም "ይቅርብህ" እላለሁ፤ እውነት ስለሆነ ሳይሆን ያን ቀን ካልኩት ጋር እንዲገጥም። በእኔ ቃል ስንት ሰው ከአቅሙ በላይ ከፍሎ ያረጀ የጃፓን መኪና ገዛ? በኋላ ብዙ የኮሪያ መኪና በእጄ አልፏል። የማውቀውን ልናገር፤ ዘይቷ በጊዜው ከተቀየረ፣ የሞተሯ ቀበቶ ሳይበጠስ ከተለወጠ፣ እንደተሠራችው ከተተወች፣ ሌላው የሚያገለግለውን ያህል ታገለግላለች። የምትበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ እጅ ነው።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ኦቦ ታሂር በዚያችው መኪና ጋራዤ ደጃፍ መጥተው ቆሙ። ቀና ስል ጢማቸው ነጥቷል።

"አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ። እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይህችን መኪና እስቲ እይልኝ። ጊኒር ላይ ደህና ነች። ወደ ሮቤ ስወጣ ብቻ ነው የምትታመመው። ምን ይሆን?"

ሻይ ቤት ሄደው እንዲጠብቁኝ ነገርኳቸው። ጣሳውን ገለበጥኩ፤ ቴርሞስታቷ ከሥር ነበረች። አጸዳኋት፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገብቼ መከፈቷን አየሁ፤ ገጠምኳት። ሲመለሱ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይሠራ ነበር። ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩ።

"ምን ነበረባት?"

"ካንዴላ ነው" አልኩ።

"እንግዲያ ያን ጊዜም ካንዴላ ይሆን ነበር? ከተሾመ ጋር የተለያየነው በካንዴላ ነው?"

ከዚህ የተሻለ በር ማን ይከፍትልኛል? ጠያቂው የተበደለው ሰው ራሱ፣ ሰሚ ሌላ የለ፣ ሣር የለ፣ ሽማግሌ የለ። እኔ ግን "መኪና እኮ ጠባይዋ ይለዋወጣል፣ ኦቦ ታሂር" አልኩ።

ዋጋ አልቀበልም ስላቸው እጄን ከነቅባቱ በሁለት እጃቸው ያዙ። "አላህ ይህን እጅ ይባርከው" አሉ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ሰበብ አላቀርብም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ካርቶኑን ሳነሣ የማደርገውን የሚያውቅ ሰው ነበርኩ። ይህን ጽፌ ስጨርስ አንዱን ቅጂ ወደ ጎባ፣ ሌላውን ወደ ጊኒር ይዤ እሄዳለሁ። ይቅርታ ማድረግ የእነሱ ነው፤ ለእኔ የቀረኝ ቆሜ መስማት ነው።

ያን ቅዳሜ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ሐጂ፣ መምህር፣ ወይዘሮ ብርቄ፣ ጀማል፣ የረሳሁት ካለ ጨምሩበት፤ ያቀለልኩት ካለም አክብዱት። አንድ ነገር ግን የግድ እንድትነግሩኝ እለምናለሁ። የጽዱ ጥላ እስከ የት እንደደረሰ፣ የመኪናዋ የትኛው ጎማ አየር እንደጎደለው አስታውሳለሁ። "ድሮም የነበረባት ነው" ስል ግን ዓይኔ ሣሩ ላይ ነበር። የኦቦ ታሂርን ፊት አላየሁም። ከእናንተ ያየ ካለ፣ ምን ይመስል እንደነበር ሳያለዝብ ይንገረኝ።