አሥራ ሁለቱ የልብስ መቆንጠጫዎች

ቨርና ሊጡን በሰፊው ጠረጴዛ ላይ ዳምጣ በቆርቆሮ ኩባያ አፍ ክብ ክብ እያደረገች ትቆርጣለች። ኩባያውን ዱቄት ታስነካዋለች፣ ትጫነዋለች፣ ከዚያ ሳታሽከረክር ቀጥ አድርጋ ታነሳዋለች። ከተሽከረከረ ትንንሾቹ ዳቦዎች በአንድ ጎናቸው ብቻ ይነፋሉ። የቀኝ እጇ መገጣጠሚያዎች ካበጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ የምትጫነው በግራዋ ነው። ከቁርጥራጩ የሚወጣው የመጨረሻው ዳቦ ምንጊዜም ጠማማ ይሆናል። እሱ የባሏ የሆሊስ ድርሻ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ጠማማውን የበላው እሱ ነው።

በመስኮቱ በኩል በረቱ ይታያታል። ሆሊስ ፈረሶቹን እየጫነ ነው። ብርድ ልብሱን ጀርባቸው ላይ ይጥላል፣ ሽብሽቡን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ኮርቻውን ያሳርፋል፣ የሆዱን ጠፍር ስቦ ያስራል። እጆቹ አንድም ነገር አልረሱም። ለዚህ ነው ከሩቅ የሚያየው ሰው ምንም የማይጠረጥረው።

እንግዶች ፈረስ ሊጋልቡ ወደሚመጡበት የከብትና የፈረስ እርባታ፣ ወደ ሌላንድ ራንች፣ ሲመጡ ይህ ሦስተኛ በጋቸው ነበር። እንግዶቹ እሑድ እሑድ ከየከተማው ይመጣሉ፣ ስድስት ቀን ፈረስ ጋልበው፣ ፀሐይ አንገታቸውን አቃጥሎት፣ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ቨርና ታበስላለች፣ ስድስቱን የእንጨት ጎጆዎች ታጸዳለች፣ አንሶላ ታጥባለች። ሆሊስ ደግሞ እንግዶቹን ወደ ተራራው ይመራል። በረዶው ሲመጣ ባልና ሚስቱ ተጎታች ቤታቸውን ከፒክአፑ ኋላ አስረው ወደ ደቡብ ይወርዱና ብርቱካን በሚታሸግበት መጋዘን ይሠራሉ። ተጎታቹ ጣሪያው ያፈሳል። አልጋው ላይ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው መነሳት አለበት።

በዚህ ዓመት ግን የራንቹ ባለቤት ሌላንድ ገና በግንቦት አንድ ነገር ነግሯቸው ነበር። ከታች በሣር ሜዳው ዳር ያለችው፣ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ያላት ቤት ባዶ ሆናለች። ጠባቂው አርጅቶ ልጁ ዘንድ ሄዷል። ክረምቱን ሙሉ እዚያ እየኖረ ለፈረሶቹ ድርቆሽ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። በጋው በደህና ካለቀ ቤቷ የእነሱ ናት። ቨርና ያን ቀን ብቻዋን ወርዳ ለመጋረጃ እንዲሆናት የመስኮቶቹን ስፋት በሽርጧ ክር ለካች። የለካችበትን ክር ቋጠሮ እንዳለው በስኳሩ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠችው።

በሰኔ ሆሊስ ከግጦሽ ተመልሶ በረንዳው ላይ ተኝቶ የነበረውን ውሻ የማነው ብሎ ጠየቃት። ውሻው የራሳቸው ነበር። ቨርና ፀሐዩ አናቱን መትቶት ነው ብላ አለፈችው። በሐምሌ መጀመሪያ ግን ከሆሊስ ጋር ፈረስ የምትመራው ረኔ ወደ ወጥ ቤቱ መጣች። ረኔ ብዙ የማትናገር፣ ጥርሷን በክብሪት እንጨት የምትጎረጉር የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ኮፍያዋን አወለቀችና ሆሊስ ጅረቱ ላይ ሳይቆም ማለፉን ነገረቻት።

ይህ በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ፈረስ ሲጫን ሆዱን በአየር ይነፋል። ጠፍሩ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም። ግማሽ ማይል ከሄደ በኋላ አየሩን ይለቀዋል፣ ጠፍሩም ይላላል። ስለዚህ ከዳገቱ በፊት ጅረቱ ላይ ሁሉም ይቆማል፤ መሪው ይወርድና ከፈረስ ፈረስ እየዞረ ጠፍሩን ዳግመኛ ያጠብቃል። በተለይ ሴናተር የሚባለው ግራጫ ፈረስ የዚህ ተንኮል ሊቅ ነው። ስሙን ያወጣለት ሆሊስ ነበር። «ሆዱን ነፍቶ ይቆማል፣ የሚነግርህ ሁሉ ውሸት ነው» ይላል ለእንግዶቹ።

ረኔ ያን ቀን የፈረሴ እግር ውስጥ ጠጠር ገብቷል ብላ ሰልፉን አስቁማ ነበር። ሆሊስም ሲቆም ትዝ ብሎት ወርዶ አጠበቀ። ራሷ ለምን አላጠበቀችም ቢባል መልሱን ቨርናም ታውቀዋለች። ሽማግሌ የፈረስ ሰው ያሰረውን ጠፍር ከኋላው ሄዶ መፈተሽ በእነሱ ዘንድ ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ነው። ያውም ረኔን በልጅነቷ፣ እዚህ ሳይመጡ በፊት፣ ኮርቻ ላይ ቁጭ ማለት ያስተማራት ሆሊስ ነው።

ቨርና የበጋው ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ለማንም እንዳትናገር ለመነቻት። ረኔ የክብሪቱን እንጨት ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ለእርስዎ ስል ዝም እላለሁ። ዘዴ ግን ይፈልጉለት።»

ቨርና ዘዴውን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አገኘችው። ጠዋት ፈረሶቹ ተጭነው ሲቆሙ በየኮርቻው ላይ አንድ አንድ የእንጨት መቆንጠጫ ሰካች። ለሆሊስም ጅረቱ ላይ እየዞረ ጠፍሩን አጥብቆ፣ መቆንጠጫውን ነቅሎ ኪሱ እንዲከት ነገረችው። ሲመለስ በሰማያዊው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያራግፋቸዋል፤ እሷም ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት ከሆኑ አሥራ ሁለቱም ጠፍሮች ጠብቀዋል ማለት ነው።

እንግዶቹ ወደዱት። ምንድነው ብለው ሲጠይቁት ሆሊስ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይመልሳል።

«ሰኞ ሰኞ ፈረሶቹን አጥበን እናሰጣቸዋለን። ሴናተር ብቻ እታጠባለሁ ብሎ ቃል ይገባና ምርጫው ካለፈ በኋላ የለም።»

ሰባት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በየቀኑ አሥራ ሁለት። ቨርና መቆንጠጫዎቹ ሳህኑ ውስጥ ሲንኮሻኮሹ በሰማች ቁጥር እፎይ ትላለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በነሐሴ ማለቂያ፣ ወቅቱ ሊዘጋ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሆሊስ የወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ቦቱን ያወልቅ ነበር። አንዱን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ቆየ። ቨርና ድንች እየላጠች አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ቨርና» አላት። «ዛሬ መቆንጠጫዎቹን ኪሴ ውስጥ አገኘኋቸው።»

«አዎ፣ አሥራ ሁለቱም አሉ። ቆጥሬያቸዋለሁ።»

«መኖራቸውንማ አውቃለሁ። ጠፍሮቹን ማጥበቄን ነው የማላውቀው።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር፤ እንዲህ ጥርት ብሎ ካየችው ቆይታለች።

«ሌላንድ ዘንድ ሂጂና ንገሪው። ከእንግዲህ ሰው አልመራም በይው። እኔ ራሴ ብሄድ እደጁ ስደርስ ይጠፋብኛል። ሂጂልኝ፣ ዛሬውኑ።»

እሺ አለችው። እጇን ታጠበች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ፀጉሯን በመዳፏ አለሰለሰች። ከወጥ ቤቱ እስከ ቢሮው አርባ እርምጃ ነው፤ ዳቦ ይዛ ስትመላለስ ቆጥራዋለች። ሌላንድ በሩ ላይ ቆሞ ጥላሸት የነካ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ዕድሜው አርባ አልሞላም፤ ሆሊስን አባቱ በሌላ ራንች አብሮት ይሠራ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው የሚያውቀው። ገና አፏን ሳትከፍት ፈገግ አለና ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። የታችኛዋን ቤት ጭስ ማውጫ ራሱ ጠርጎት መመለሱ ነበር፤ የወፍ ጎጆ ሞልቶት ነበር አላት። ከአሁኑ ዕቃቸውን ማስገባት ይችላሉ። ምድጃውም ጭሱን ደህና ይስባል።

ቁልፉ መዳፏ ላይ ሞቅ ያለ ነበር። ቨርና የዓርብ እራት ሥጋ በስንት ሰዓት እሳት ላይ ይጣድ ብላ ጠየቀችው። እሱም ነገራት። አመስግናው ተመለሰች።

ሆሊስ ደረጃው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ አንዱ እግሩ በካልሲ፣ ሌላው በቦት።

«ነገርሽው?»

«እንግዳ ይዞታል። ነገ እነግረዋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀና ሁለተኛውን ቦት አወለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ቨርና መቆንጠጫዎቹን ልትሰካ ወጣች። በዚያ ሳምንት ሴናተርን የያዙት ኤዲዝ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ባላቸው በጥር ሞተውባቸው፣ ሁለቱ አብረው ሊመጡ ያሰቡትን ጉዞ ብቻቸውን የመጡ ሴት ናቸው። ማክሰኞ ዕለት ወጥ ቤት ገብተው የዳቦውን አሠራር በትንሽ ደብተር ጽፈው ነበር፤ ኩባያው እንዳይሽከረከር የሚለውን ከሥሩ አሰመሩበት። አሁን ኮርቻው ላይ ሆነው ለቨርና እጃቸውን አወዛወዙላት። ቨርና ጣቷን በሴናተር ጠፍር ሥር ሰደደች። የጠበቀ ነው። በረቱ ውስጥ ሁልጊዜ የጠበቀ ነው።

ረኔ ከፈረሷ ላይ ታያት ነበር። ጎንበስ አለችና ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት፦

«ጅረቱ ላይ ልየው እንዴ?»

ቨርና ወደ ሆሊስ ዞረች። የአንዷን እንግዳ እርካብ እያሳጠረ አንድ ነገር እየነገራት ያስቃታል።

«ተይ፣ ቅር ይለዋል» አለች።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ ረኔ ብቻዋን እየጋለበች መጣች። ወጥ ቤቱን አልፋ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄደች። ቨርና ከሌላንድ ጩኸት ነው የሰማችው፤ ስልኩ ላይ ሄሊኮፕተር እያለ ይጮኻል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ኮርቻው በሴናተር ሆድ ሥር ዞሮ ነበር። ፈረሱ ደነገጠ። የኤዲዝ እግር ከእርካቡ ሳይወጣ በድንጋዩ ላይ ጎተታቸው። ረኔ ደርሳ ስታስቆመው ሴትዮዋ ዓይናቸው ክፍት ነበር፤ እግሬ የት ነው ብለው ጠየቋት።

ሄሊኮፕተሩ ሄዶ አቧራው ጋብ ሲል ሆሊስ ፈረሶቹን አስከትሎ ደረሰ። አንድ በአንድ ኮርቻቸውን አወረደ፣ ላባቸውን ጠረገ፣ ውሃ አቀረበላቸው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ፣ ኮፍያውን ሰቀለ፣ እጁን ኪሱ ከተተ። መቆንጠጫዎቹ ሰማያዊው ሳህን ውስጥ ተንኮሻኮሹ።

«ቁጠሪያቸው» አላት። «አንድም አልጎደለም።»

ቆጠረቻቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። ምን ያህል ቀን መቆንጠጫውን ብቻ ሲሰበስብ እንደ ሰነበተ እሷም ልታውቅ አትችልም። ፈረሶቹ በዕድል ሲመለሱ እሷ ሳህኑን እያየች ስታመሰግን ከርማለች። ሆሊስ እንደ ወትሮው ጎበዝ እስክትለው ቆሞ ይጠብቃል። ጎበዝ አለችው። ጠማማውን ዳቦ ቅቤ ቀባችና ሰጠችው።

ሌላንድ የመጣው ሁለተኛው ስልክ ከተደወለ በኋላ ነው። ኤዲዝ ይተርፋሉ፣ ቆመው ግን አይሄዱም ተብሏል። የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ሸሪፉም እየመጣ ነው። ሆሊስ በረንዳው ላይ ከውሻው ጋር ተቀምጧል። ሌላንድ ወንበር አልሳበም።

«ቨርና፣ ያውቁ ነበር?»

ስለ መቆንጠጫዎቹ ሁሉንም ነገረችው። ረኔን አላነሳችም። ትናንት እደጁ ድረስ መጥታ መመለሷንም ነገረችው፤ ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ዱቄቱ መሃል አስቀመጠች። እሱ ቁልፉን አየ እንጂ አላነሳውም።

«ትናንት ቢነግሩኝ እኮ ከፈረሱ አወርደው ነበር እንጂ ቤቱን አልነሳችሁም ነበር» አላት። «ድርቆሽ ለመበተን ጠፍር ማጥበቅ አያስፈልግም።»

አሁን ግን፣ አለና ሳይጨርሰው ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ዱቄቱ ላይ የቁልፉ ቅርጽ ቀርቶ ነበር።

ቅዳሜ እንግዶቹ ሲሄዱ እነሱም ሄዱ። ረኔ ተጎታቹን ከፒክአፑ ጋር አያያዘችላቸው፤ ሰንሰለቱን ሁለት ጊዜ ስባ ፈተሸች፤ ቨርናን ግን አላየቻትም። የመኪናውን መሪ የያዘችው ቨርና ናት። በስኳሩ ዕቃ ውስጥ የነበረው ክር ወጥ ቤቱ ቀርቷል። ሆሊስ በጎኗ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ኮፍያውን ያሽከረክራል፤ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀም። የራንቹን ዋና በር አልፈው አቧራማው መንገድ ላይ ሲወጡ ድንገት ዞር ብሎ አያት። ዓይኑ ጥርት ብሏል።

«ለሌላንድ ነገርሽልኝ?»

ቨርና በመስታወቱ ውስጥ የቢሮውን ጣሪያ አየች። ከጥዱ ኋላ እየገባ ነበር።

«ገና ነኝ» አለችው፤ መኪናውን ግን አላቆመችም።