ቅልጥም ለሰባሪው

በደሉ ይህ ነው፦ በእኛ ሰፈር ቅርጫ ባል የሌላት ሴት ቅልጥም አይደርሳትም ነበር። ለበሬው እኩል ታዋጣለች፣ ሥጋውን እኩል ትካፈላለች፣ ጎድኑንና አከርካሪውን እኩል ትወስዳለች። ቅልጥሙ ሲመጣ ግን ትዘለላለች። እኔን ስድስት ፋሲካ ዘለሉኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ የሆነውን እንደሆነው መጻፍ ግን አያቅተኝም።

ሰፈራችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ለፋሲካ ስምንት ቤት ሆነን አንድ በሬ እንጥላለን። ሥጋው ቅጠል ላይ በስምንት መደብ ይደለደልና ዕጣ ይጣላል። አንድ በሬ ስምንት ቅልጥም አለው፤ አራቱ ከፊት እግሮቹ፣ አራቱ ከኋላዎቹ። ስምንት ቤት፣ ስምንት ቅልጥም። ይህን ለማካፈል ዳኛ አያስፈልግም ነበር፤ እኛ ግን ዳኛ አለን። ባሌ በሕይወት እያለ የቅርጫው ዳኛ እሱ ነበር። ያኔ የሚያመጣልኝን እቀቅላለሁ እንጂ ማን ምን ደረሰው ብዬ አልጠየቅኩም። እሱ ሲሞት ዳኝነቱን ታናሽ ወንድሙ ያዘ። በመጀመሪያው ፋሲካ መደቤን ሳነሣ ቅልጥም የለበትም። ረስተው መስሎኝ ጠየቅኩት።

«እትዬ፣ ቅልጥም እኮ ለሰባሪው ነው» አለኝ።

ሰባሪ ማለት ቅልጥሙን ሰብሮ መቅኔውን የሚመጥ ወንድ ማለት ነው። ሰባሪ የሌለው ቤት ቅልጥም አይገባውም፤ የእሱ ድርሻ ለአራጆቹ ይጨመራል። ወንዱ ልጄ ለሥራ ደሴ ገብቶ ነበር፣ ሴቷ አቀስታ ተድራለች፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ለአንድ አፍ ብዬ ከወንድ ጋር መጨቃጨቅ አሳፈረኝና ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ዝም ያሉትን ነገር ለሁለተኛ ጊዜ መናገር ይከብዳል፤ በሦስተኛው ሥርዓት ይሆናል።

ዘንድሮ ሴት ልጄ ልትወልድ ከአቀስታ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና። ምጡ በሕማማት መጣ። መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ከወሊዱ በኋላ ግን ብዙ ደም ፈሰሳት። ሲያሰናብቱን ክኒን ሰጧትና «ሳታቋርጥ ትዋጥ፣ በደንብ ትብላ፣ ፈሳሽ ታብዛ» አሉኝ። ቤት ስናስገባት ከንፈሯ ነጭ ነበር። ልትቀመጥ ስትል ያዞራታል። ጡቷ ወተት አልያዘም፤ ሕፃኗ ትስብና ትስብና ታለቅሳለች። ልጄም አብራ ታለቅሳለች።

አራስ ጾም የለባትም ይባላል፤ በሕማማት በሬ የሚጥል ግን የለም። ዶሮዎቼን ጥር ላይ ፈንግል ጨርሷቸዋል። ስለዚህ የአጃ ሾርባና ገንፎ እየሰጠኋት ፋሲካን ጠበቅን። እኔ የምጠብቀው ሥጋውን አልነበረም። የታመመ ሰው ሥጋ አላምጦ አይጠግብም። ደም ላጣች ሴት ከአጥንት የሚወጣ መረቅ ነው የሚሻላት፤ እናቴ ለእኔ ያደረገችልኝ እሱን ነው።

የፋሲካ ዕለት ከቅዳሴ መልስ፣ ሥጋው ገና ሳይደለደል ወደ መታረጃው ሄድኩ። ሴት እዚያ የምትመጣው ዕጣ ከወጣ በኋላ ዕቃ ይዛ ነው። አራጆቹ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዘንድሮ ቅልጥሜን እፈልጋለሁ» አልኩት የባሌን ወንድም። «ቤቴ አራስ አለች።»

«አብሽሩ እትዬ፣ ሥጋውን ትንሽ አድልተን እንሰጥዎታለን።»

«አታድሉልኝ። የደረሰኝን ስጡኝ።»

«ሥርዓት ነዋ። እኔ አላወጣሁት። አማችዎ መጥቶ ቢሆን ኖሮ…»

«አማቼ አቀስታ ቤቱ ነው። ደግሞ እሱ አልወለደም።»

ከአራጆቹ አንዱ ቢላውን እየሳለ፣ «እትዬ፣ ቅልጥም መስበር ጉልበት ይጠይቃል እኮ» አለ።

«አንተ ቤት ማን ነው የሚሰብረው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያ ሚስትህ በየፋሲካው መጥረቢያዬን የምትዋሰው ጥርስህን ልትነቅልበት ነው?»

ሁሉም ሳቁ፣ እሱ ብቻ አልሳቀም። ሳቅ ግን ቅልጥም አይሆንም። ዕጣ ወጣ። በሰባቱ ቤት መደብ ላይ አንድ አንድ ቅልጥም አኖሩ፤ ስምንተኛውን ለአራጆቹ ጨመሩት። የእኔን መደብ አነሣሁ። ልሄድ ስል አራቱ እግሮች ከፈርሱ አጠገብ ተጥለው ውሾች ሲጠብቋቸው አየሁ። ከጉልበት በታች ያለውን እኛ ዘንድ ማንም አይበላም።

«እነዚያን ስጡኝ» አልኩ።

«እትዬ፣ ጫማ ሊሰፉ ነው?» አለ ያው ባለ ቢላው።

«ቆዳውን እናንተ ወስዳችሁ በምን እሰፋዋለሁ?»

በማዳበሪያ ከረጢት ጨምሬ ተሸክሜ መጣሁ።

የበሬ እግር እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ጠጉሩን እሳት ላይ ይለበልቡታል፣ ከዚያ በቢላ ይፍቁታል። ሰኮናው በትኩሱ በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ እንደ ክዳን ይለቃል። በጨውና በሎሚ እያሹ ውኃው እስኪጠራ ያጥቡታል። መገጣጠሚያው ላይ ይከፍሉትና ሸክላ ድስት ውስጥ ከአከርካሪና ከጎድን አጥንት ጋር ያደርጉታል። ውኃው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የፈላ ውኃ ላይ አጥንት የሚጨምር ሰው ላዩን አብስሎ ውስጡን ይዘጋዋል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ድስት ግን አበላሸሁት። ልጄ ቶሎ እንድትጠጣ ቸኮልኩና በባሕር ዛፍ እንጨት አነደድኩበት። ተንተከተከ፤ አረፋውን ሳልገፍፈው ተመልሶ ገባበት። ሲወጣ አመድ የመሰለ፣ የተለበለበ ጠጉር የሚሸት ነገር ሆነ። ልጄ ሁለት ጊዜ ጎንጨት አለችና አስመለሳት። የበላችውን ገንፎ ጭምር አወጣችው። ሁለት እግር በእኔ ችኮላ ሄደ፤ የቀረኝ ሁለት ነው። ያን ቀን የባሌን ወንድም ስረግም ዋልኩ፤ እንጨቱን የማገድኩት ግን እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ በኩበት ጀመርኩ። ኩበት አይንቦገቦግም፣ ቀስ እያለ ይፋማል፤ ለመረቅ የሚሆነው እሱ ነው። ድስቱ መፍላት ሲጀምር አጠገቡ ተቀምጬ አረፋውን በጭልፋ እየገፈፍኩ ደፋሁ። ነጭ እስኪሆን፣ ከዚያም መምጣቱን እስኪተው ገፈፍኩ። ከዚያ በኋላ ድስቱ አልፎ አልፎ ቡልቅ እያለ ብቻ እንዲቆይ ኩበቱን ቀነስኩ። ውኃው ሲጎድል የምጨምረው የሞቀ ነው። ከሰዓት ላይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ሊወጣ ሲል ጥቂት ኮረሪማና አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጨመርኩ። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ መረቅ እየተነነ ስለሚወፍር መጀመሪያ የጨመሩት ጨው ማታ ላይ ይመርራል።

በመካከል ጎረቤቴ አራስ ልትጠይቅ መጥታ ድስቱን ከፈተችው።

«ኧረ እግር ነው እንዴ? ለአራስ?»

«ልጄ መቆም አቅቷታል» አልኳት። «በሬው የቆመበትን ልስጣት።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ቅልጥም እየመጠጠ ነው፤ አፉ ሥራ አልፈታም።»

በወንፊት ስናጠልለው ቀለሙ እንደተጠለለ ጠላ የጠራ ነበር። ልጄ በፍርሃት አንድ ጊዜ ጎንጨት አለች፣ ጠበቀች፣ ደገመች። «ይሄኛው አይሸትም» አለችና ጣሳውን ጨረሰችው። የተረፈው ሲያድር እንደ ሙጫ ረጋ፤ ጣት ቢያደርጉበት ይንቀጠቀጣል። መረቅ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዚያ በማንኪያ እየቆረጥኩ አሞቅኩላት። በቀረው የተከካ ገብስ እየቀቀልኩ ሾርባ አደረግሁላት። አጥንቱን ሁለተኛ ውኃ አወጣሁት፤ ሦስተኛ ሳልሞክር አልቀረሁም፣ ግን ምንም አልሰጠም።

በአራተኛው ቀን ወተት መጣ። በሳምንቱ ልጄ ግድግዳ ሳትይዝ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። መረቁ ነው አልልም። ክኒኑም አለ፣ እንቅልፉም አለ። የሕፃኗ ለቅሶ ግን ቀነሰ፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ልጄ ዳነች ብዬ ግን ነገሩን አልተውኩትም። የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ ቅልጥም ለሰባሪው የሚል ሕግ ቤተ ክርስቲያን አላት ወይ ብዬ።

«የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም» አሉኝ። «የሆድ ሥርዓት ነው።»

ይህን ይዤ ወደ ባሌ ወንድም ሄድኩ። «የሰኔ ጾም ሲፈታ ቅርጫ ትገባላችሁ። ቅልጥሜ ከሌለ እኔ የለሁም፤ ስምንተኛ ቤት ፈልጉ» አልኩት።

«እትዬ፣ ለአጥንት ብለው ከዘመድ ይለያሉ?»

«ለአጥንት ከሆነ ለምን አትሰጡኝም?»

ክረምት ገብቶ ሁሉም ቤት እጁ አጥሮታል፤ ስምንተኛ ቤት አላገኙም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩብኝ። ሁለቱንም ጊዜ አብልቼ ሸኘኋቸው፤ ቃሌን ግን አልለወጥኩም። በመጨረሻ ሐምሌ አምስት ቀን ስምንት መደብ ላይ ስምንት ቅልጥም ተቀመጠ። የእኔን እዚያው ድንጋይ ላይ አድርጌ በመጥረቢያ ጀርባ ሰበርኩት። በሁለት ምት ነው የተሰበረው። ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ፣ ሕፃኗን ክርስትና አስነስታ ሄዳለች፤ መረቁን ብቻዬን ጠጣሁት።

ቅልጥሙን ሰጡኝ፣ መልስ ግን አልሰጡኝም። ይህ ነገር ከየት መጣ ስለው የባሌ ወንድም «ከአባቶቻችን» ከማለት ሌላ አያውቅም። የትኛው አባት? ስም ያለው ሰው አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ተናግሮት መሆን አለበት። ከቅርጫችን ሰዎች በዕድሜ የሚበልጡት አዛውንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፈው ይቀመጣሉ። ጆሯቸው ከብዷል፣ ልባቸው ግን አልከበደም። ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ እሑድ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ቅልጥም ለሰባሪው የተባለው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ምን ቀለጠ?»

«ቅልጥም!» ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አልኩ። «የበሬ ቅልጥም።»

«እሱንማ ጥርሴ ሳይረግፍ ነበር ማምጣት።»

«አላመጣሁም። ልጠይቅዎ ነው። ባል ለሌላት ሴት አይደርሳትም ያለው ማነው?»

በዘንጋቸው ጭቃውን ጫር ጫር አደረጉ። የማያውቁት መስሎኝ ልነሣ ነበር።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉ። «ስምንት ቤት፣ ስምንት ቅልጥም ነበር። ከወንዙ ማዶ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ነበረች፤ አሁን እሷም የለች። ድርሻዋን እንደማንኛችንም ትወስድ ነበር። አንድ ፋሲካ ባልሽ ዳኛ ሆኖ ቅልጥሟን ከመደቧ ላይ አነሣው። ‹አንቺ ሰባሪ የለሽም፣ እኔ ቤት ግን አራስ አለች› አላት። እሺ አለች፤ ምን ትበል? እኛም ለአራስ ነው ብለን ዝም አልን። በዓመቱ እሷ አልጠየቀችም፣ እሱም አልመለሰላት። እንዲያው ሆኖ ቀረ።»

«የማን አራስ?» አልኳቸው።

«ስንት ሚስት ነበረው?» አሉኝ። «አንቺ ነሻ። ወንዱን ልጅሽን ወልደሽ የተኛሽ ጊዜ ነው። መረቁን የጠጣሽው አንቺ ነሽ።»